በአዲስ አበባ ዙሪያ አፕል ለመሞከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ በኩል ትንሽ የአፕል ማሳ አለችኝ። አጥሩ ላይ ተደግፎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጡረታ የወጡ ጋሼዎች ይጠይቃሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች ይጠይቃሉ። ተደራጅተው መሬት የወሰዱ ወጣቶችም እንደዚያው። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንድ ቦታ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። “አፕል ተክዬ ልሽጥ” ለሚል ሰው ብዙም አይጠቅም ይሆናል። “የቱ እንደሚሻል ሞክሬ ልወቅ” ለሚል ግን ከድካም ያድነዋል።

እዚህ እኮ ይበርዳል! ለአፕል “ሞቃት” የሚባለው ለምንድን ነው?

ለእኛ ይበርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ የለም። አፕል ግን መነሻው የመካከለኛው እስያ ተራራ ነው። እዚያ ብርዱ ለወራት አይላቀቅም። ዛፉ ቅጠሉን ያራግፍና ይተኛል። ከእንቅልፉ የሚነቃው በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ ነው። በተለምዶ ከ7 ዲግሪ በታች ያሳለፈው ሰዓት ይቆጠርለታል። ጎልደን ዴሊሸስን የመሰሉ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች 700 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። አና የሚባለው ዝርያ ከ200 እስከ 300 ይበቃዋል።

አሁን የእኛን አየር እዩት። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ቀን ግን ከ20 በላይ ይወጣል። ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ የቀኑ ሙቀት ያፈርሰዋል። ማታ ያገኘውን ጠዋት የሚበትን ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሀብት አያጠራቅምም።

ዛፉ በዚህ አይሞትም። ግራ ይገባዋል እንጂ። የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ይነቃል፤ ከታች ያሉት ይተኛሉ። ቅርንጫፉ መሃሉ ራቁቱን ይቀራል። አበባው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሳይሆን ለወራት የሚንዘላዘል ይሆናል። አንድ ዛፍ ላይ አበባም፣ ለውዝ የምታክል ፍሬም፣ የበሰለ አፕልም ታያላችሁ። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚደረግ ሙከራ የመጀመሪያ ጥያቄው “የትኛው ብዙ አፈራ?” አይደለም። “የትኛው በደንብ ነቃ? መቼ ነቃ?” የሚለው ይቀድማል። ምርቱ የዚያ ውጤት ነው።

የብርዱን ሰዓት እንዴት ልቁጠር?

መጽሐፍ ላይ ያለውን ቀመር ሁሉ እዚህ አታምጡት። በፈረንጆቹ 1974 በአሜሪካ ዩታ የወጣ አንድ የታወቀ ቀመር አለ። ሙቀቱ ከፍ ሲል ከተጠራቀመው ብርድ ይቀንሳል። ሐሳቡ ልክ ነው። በእኛ ቀን ሙቀት ላይ ስታውሉት ግን ድምሩ ዜሮ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወጣል። ዛፋችሁ አብቦ ቆሞ ሳለ ቀመሩ “ገና አልበረደውም” ይላችኋል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እስራኤል ውስጥ የተሠራው ዳይናሚክ የሚባለው ሞዴል ለሞቃት አገር ይሻላል። የብርዱን ጥርቅም በሁለት ደረጃ ነው የሚያስበው። አንዴ የተቆለፈውን ድርሻ የቀን ሙቀት መልሶ አያጠፋውም።

የትኛውንም ብትጠቀሙ መረጃው ከራሳችሁ ማሳ ይምጣ። በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር ይበቃል። ጥላ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ስቀሉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰቀላችሁት የጣሪያውን ትኩሳት ነው የምትለኩት። የቦሌ አየር ማረፊያ ቁጥር ደግሞ ለሱሉልታ ሜዳ አይሆንም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ ውርጭ ሲጥል ዳገቱ ላይ ያለው ጎረቤት ላያይ ይችላል።

እግረ መንገዴን የሰዓት ነገር ላንሳ። መሣሪያው 7፡00 ሲል የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ደብተራችሁ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ አንድ ቀን ሁሉም ይደበላለቃል። ዘመኑም እንዲሁ። “2015” ብላችሁ ጽፋችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ “የማን 2015?” ብላችሁ ትቆማላችሁ። እኔ ቆሜያለሁ። ጳጉሜንም አትርሱ። በየሳምንቱ የምታዩትን ነገር “በየወሩ 7፣ 14፣ 21” ከማለት “ዘወትር ማክሰኞ” ማለት ይሻላል።

ዝርያ፣ ማዳበሪያ፣ ውሃ፣ አገራረዝ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ብሞክርስ?

ሒሳቡን ሥሩት። 5 ዝርያ፣ 3 ዓይነት ማዳበሪያ፣ 3 የውሃ መጠን። ይኼ 45 ጥምረት ነው። እያንዳንዱ አራት ጊዜ ይደገም ቢባል 180 ዛፍ። የችግኙ ዋጋ ይቅርና ለ180 ዛፍ በጋ ላይ በጀሪካን ውሃ የሚያመላልሰው ማን ነው?

ለተማሪዎች የምለው ይኸው ነው። ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉበት አስቀድማችሁ ጻፉ። “አና ከዶርሴት ጎልደን ቢበልጥ አና እተክላለሁ።” ጥሩ፣ ይኼ ጥያቄ ነው። “የማዳበሪያውን ተጽዕኖ ለማየት” የሚለው ገና ጥያቄ አልሆነም። ሁለት ነገር አንድ ላይ መሞከር የሚያስፈልገው አንዱ የሌላውን ውጤት ይለውጣል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ነው። ለምሳሌ ቅጠል ማራገፍ ለአንዱ ዝርያ ጠቅሞ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል። እንዲህ ያለው አብሮ ቢሞከር ያስኬዳል። የቀረውን ሁሉ ለሁሉም ዛፍ እኩል አድርጉት።

ስንት ዛፍ ያስፈልገኛል?

በጣም የሚጠየቀው ይኼ ነው። በምሳሌ ልሂድ።

5 ዝርያ ይዛችኋል እንበል። የእያንዳንዱ ዝርያ 2 ዛፍ ጎን ለጎን አንድ መደብ ይሆናል። 5 ብሎክ ታደርጋላችሁ፤ ብሎክ ማለት ሁሉም ዝርያ አንድ አንድ መደብ የሚያገኝበት የማሳ ክፍል ነው። 50 ዛፍ ሆነ። በረድፎች መካከል 4 ሜትር፣ በዛፎች መካከል 3 ሜትር ብትሰጡ አንድ ዛፍ 12 ካሬ ይይዛል። 50ዎቹ 600 ካሬ።

ግን ዳር ላይ ያለ ዛፍ ከመሃሉ ጋር እኩል አይኖርም። ብርሃኑም ሰፊ ነው፣ ነፋሱም ይበዛበታል፣ ላምም መጀመሪያ የምትደርሰው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን አንድ ረድፍ የማይለካ ጠባቂ ዛፍ ይተከላል። 5 ረድፍ በ10 የነበረው 7 በ12 ይሆናል። 84 ዛፍ፣ 1,008 ካሬ። ከዚህ ውስጥ 34ቱ ጠባቂ ናቸው። ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። “34 ዛፍ ለምንም?” ለምንም አይደለም፤ ትንሽ ቆይቼ ሌላ ሥራ እሰጣቸዋለሁ።

እነዚያኑ 50 ዛፎች በሌላ መንገድም ማደራጀት ይቻላል። በመደብ አንድ ዛፍ ብቻ አድርጉና 10 ብሎክ አውጡ። የዛፉ ቁጥር አልጨመረም። የዘፈቀደውን ልዩነት ለመገመት የሚቀረው ነጻ ቁጥር፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የሚባለው፣ ከ16 ወደ 36 ያድጋል፤ ግምቱም ይበልጥ ይታመናል። ለዝርያ ሙከራ እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ። ከአንድ እናት ዛፍ የተወሰደ ዝርያ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ብዙ አዲስ ነገር አይነግርም። ሌላ ቦታ ላይ ማቆም ግን ይነግራል።

ማዳበሪያና ውሃ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሥር አጥር አያውቅም። የጎረቤቱን ዩሪያ ሄዶ ይበላል። እዚያ ላይ መደቡን ሰፋ አድርጉና በመደቦች መሃልም ጠባቂ ዛፍ አስገቡ።

አንድ የማይቀር ስህተት አለ። ከአንድ ዛፍ 20 ፍሬ መዝኖ “ድግግሞሼ 20 ነው” ማለት። አይደለም። አንድ ዛፍ ነው ያለህ፣ ወንድሜ። ሃያ ጊዜ የጠየቅከው አንዱኑ ሰው ነው።

ዕጣ ማውጣት የግድ ነው? በሥርዓት ብደረድራቸው አይሻልም?

እኔም መጀመሪያ እንዲህ አሰብኩ። አራት ዝርያ በአራት ረድፍ፣ ከላይ ወደ ታች። ያምራል። ለማስታወስም ይቀላል። የመጨረሻው ረድፍ ከማሳው ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ዋለ። እዚያ አፈሩ ዋልካ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃ ያቁራል። ሁለት ክረምት እንዳለፈ የዚያ ረድፍ ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። “ይኼ ዝርያ ለሱሉልታ አይሆንም” ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በኋላ የዚያኑ ዝርያ ሦስት ዛፍ ዳገቱ ላይ ተከልኩ። ከሁሉም በልጦ ቁጭ አለ። የፈተንኩት ዝርያውን ሳይሆን ጉድጓዱን ነበር። ሦስት ዓመት ባከነ።

በበቆሎ ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት ማስተካከል ይቻላል። አፕል አንዴ ከተተከለ ተተከለ። የተከላው ቀን ስህተት ዛፉን ተሸክሞ ይኖራል።

ብሎክና ዕጣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዝ ውስጥ በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ ሮናልድ ፊሸር ያዳበረው ዘዴ ነው። አሠራሩ ዕቁብ ለለመደ ሰው አዲስ አይደለም። የዝርያዎቹን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጠቅልሉ፣ ቆብ ውስጥ ጨምሩ፣ ልጅ ያውጣ። የወጣው በብሎኩ የመጀመሪያ ቦታ ላይ ይተከላል። ቀጥሎ የወጣው ሁለተኛው ላይ። ለእያንዳንዱ ብሎክ እንደገና ታወጣላችሁ። አንዴ ያወጣችሁትን ለሁሉም ብሎክ አትገልብጡ። ጎረቤቴ አባባ ይኼን ሳደርግ አይተው “ልጄ፣ ደግሞ ዛፍ በዕጣ ይተከላል እንዴ?” ብለው ስቀውብኛል። ቀጥለው ግን ቆቡን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ብሎኩን በምን ልከፍል?

ማሳው ውስጥ በሚለዋወጠው ነገር። ተዳፋት ከሆነ ብሎኩ ቁልቁለቱን ተሻግሮ ይተኛ። የላይኛው አንድ ብሎክ፣ መሃሉ አንድ፣ የታችኛው አንድ። እያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ሁሉም ዝርያ አለ። ያኔ ዋልካው ቢጎዳም ሁሉንም እኩል ይጎዳል።

ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክረምት ማሳውን እዩት። ውሃ የት ይቆማል? የድሮ በረት የት ነበር? ፍግ የተከመረበት ቦታ ለዓመታት ይለያል። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ በአጥሩ ጥግ የሚሄደውን ረድፍ ለብቻው ብሎክ አድርጉት፣ ወይም ጭራሽ ራቁ። ባሕር ዛፍ ውሃ ሲጠጣ ፈቃድ አይጠይቅም።

ዋልካ ብቻ ያላችሁ ሰዎች፣ በከፍታ መደብ ላይ ትከሉ ወይም ሌላ ፍሬ ፈልጉ። አፕል እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም።

የትኞቹን ዝርያዎች ላስገባ? ችግኙንስ ከየት?

ትንሽ ብርድ ከሚበቃቸው ጀምሩ። አና እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው። ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ ደሴቶች የተገኘ ነው፤ ውርጭ ከማያውቅ አገር ማለት ነው። ፕሪንሴሳ የብራዚል ነው። ከእነሱ ጋር አንድ ሁለት ብርድ ፈላጊ ዝርያ ጨምሩ፣ ለማነጻጸር። ሁሉም የሚሳካበት ሙከራ ብዙ አያስተምርም።

አገር ውስጥ አፕል ሲነሳ ጨንቻ ይነሳል። ጋሞ ደጋ ላይ ሚሲዮናውያን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አምጥተውት ዛሬ ችግኝ የሚወጣበት አካባቢ ሆኗል። ቅርብ ያለው ደግሞ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ። ከየትም አምጡ፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ዓይነት ሩትስቶክ (ዝርያው የሚጣበቅበት የታች ሥር) ላይ አምጡ። አንዱ የሁለት ዓመት ሌላው የስድስት ወር ችግኝ ከሆነ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

“የተዳቀለ ነው” ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ደግሞ “በምን ላይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ገበያው ግራፍት የተደረገውን፣ ማለትም በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀውን ሁሉ “የተዳቀለ” ይለዋል። የላዩን ዝርያ የሚነግር ሞልቷል። የታቹን የሚያውቅ ትንሽ ነው። እኔ አና ተብሎ ከተሸጠልኝ ውስጥ ሁለቱ ሲያፈሩ አረንጓዴ ፍሬ ሰጥተውኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ለእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ሦስት ትርፍ ችግኝ እይዛለሁ።

አሁን ወደ ጠባቂዎቹ ልመለስ። አፕል በአብዛኛው በራሱ ብናኝ አያፈራም። ሌላ ዝርያ በአጠገቡ በዚያው ሰሞን ማበብ አለበት። በሙከራ ውስጥ ይኼ ወጥመድ ነው። አንዱ ዝርያ ከሌሎቹ ሁለት ወር ቀድሞ ብቻውን ቢያብብ ፍሬ አይዝም። እናንተም “ፍሬ አልባ” ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ። ዝርያው ግን አጋር ነው ያጣው። አናና ዶርሴት ጎልደን አብረው ስለሚያብቡ ይስማማሉ። ስለዚህ 34ቱን ጠባቂዎች ከተለያየ ዝርያ አድርጓቸው፤ ብናኝ ይስጡ። ክሪስፒን የሚባለውን ዝርያ ግን ለዚህ ሥራ አትቁጠሩት፤ ብናኙ ደካማ ነው። ሁለት ቀፎ ንብ ጥግ ላይ ብታስቀምጡ ደግሞ ማሩ ትርፍ ነው።

ሩትስቶክ ያን ያህል ለውጥ አለው?

አለው። ቁመቱንም፣ ማፍራት የሚጀምርበትን ጊዜም፣ በሽታ መቋቋሙንም ይወስናል። በአንዳንድ ሩትስቶክ ስም ላይ የሚገኘው “ኤም ኤም” የመጣው ማሊንግና መርተን በሚባሉ ቦታዎች ከነበሩ ሁለት የእንግሊዝ ተቋማት ነው፤ ሱፍ የለበሰ የሚመስለውን ክሽክሽ የሚባል ተባይ እንዲቋቋም ያወጡት ነው። ኤም ኤም 106 ቶሎ ያፈራል፣ ውሃ ያዘለ አፈር ላይ ግን አንገቱ ይበሰብሳል። ኤም ኤም 111 ድርቅ ይችላል። ኤም 9 አጭር ነው፣ ድጋፍ እንጨትና ዘወትር ውሃ ይፈልጋል። ለጀማሪ አንዱን መርጦ ለሁሉም መጠቀም ይበቃል።

ቅጠል በእጅ ማራገፍ እውነት ይሠራል? እንዴት ይሞከራል?

ለእኛ አየር ከሁሉም ደስ የሚለው ሙከራ ይኼ ነው።

ኢንዶኔዥያ፣ ምሥራቅ ጃቫ ላይ ባቱ የሚባል አካባቢ አለ። ከምድር ወገብ በታች 8 ዲግሪ ላይ። ብርድ የሚባል የለም። ገበሬዎቹ ግን በዓመት ሁለቴ አፕል ይለቅማሉ። ዘዴው፣ ምርቱ ከተሰበሰበ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅጠሉን በእጅ አንድ በአንድ መንጨት ነው። ቅርንጫፉንም አጎንብሰው ያስራሉ። ዛፉ ከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ሳይገባ ይቀሰቀሳል። ወር ገደማ ቆይቶ ያብባል።

እኛ ጋ ዋናው ጥያቄ “መቼ?” የሚለው ነው። ጥቅምት ላይ ብታራግፉ አበባው ኅዳር ላይ ይወጣል። በደጋው ሜዳ ኅዳር የውርጭ ወር ነው። ሙሉ በሙሉ የፈካ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሞት ይጀምራል። ሰኔ ላይ ብታራግፉ ደግሞ አበባው ዝናብ ላይ ይወድቃል። ንብ አይወጣም፣ የቅጠልና የፍሬ ቅርፊት በሽታው ይነሳል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተራገፈ ጥር መጨረሻ ያብባል፤ እንደ አና ዓይነቱ በአራት ወር ገደማ ስለሚደርስ ዋናው ዝናብ ሳይገባ ይለቀማል። ይኼ ግምት ነው። ስለዚህ ይሞከራል።

እንዲህ አቅዱት። አንድ ዝርያ ብቻ። አራት ምድብ፦ ምንም ያልተነካ፣ መስከረም መጨረሻ የተራገፈ፣ ኅዳር አጋማሽ የተራገፈ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ የተራገፈ። 6 ብሎክ፣ በመደብ አንድ ዛፍ። 24 ዛፍ። ያልተነካውን አትርሱ። እሱ ከሌለ “ሠራ” የምትሉት ከምን አንጻር ነው? ማራገፉን ደግሞ ያው ሰው ያድርገው። ሁለት ሠራተኛ ካለ አንዱ ሦስት ብሎክ ሙሉ፣ ሌላው ሦስት ብሎክ ሙሉ ይያዝ። አንዱ እምቡጡን አብሮ የሚገነጥል ቢሆን እንኳ ጥፋቱ በአንድ ምድብ ላይ አይወርድም።

“በአንድ ዛፍ ላይ አንዱን ቅርንጫፍ ላራግፍ፣ ሌላውን ልተው?” የሚል ተማሪ ነበር። የማዕድን ዘይት መቀባትን ለመሰለ እምቡጡ ላይ ብቻ ለሚሠራ ነገር ጥሩና ርካሽ ዘዴ ነው። ለቅጠል ግን አይሆንም። ከጎን ያለው ቅርንጫፍ ቅጠል ለሁሉም ምግብ ይልካል፣ መልእክትም ይልካል። ሙሉውን ዛፍ አራግፉ።

እንቅልፍ የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል፣ ሃይድሮጅን ሳያናማይድን፣ የሚጠይቁኝ አሉ። ይሠራል። ግን ለሚረጨው ሰው አደገኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2008 ከተፈቀዱት ውስጥ አስወጥቶታል። ከመርጨት በፊትም በኋላም ለቀናት አልኮል የቀመሰ ሰው ክፉኛ ይታመማል። ጠላም አልኮል ነው። የሰፈር ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያስረጭ ሰው ይኼን መቆጣጠር አይችልም። ከእኔ ማሳ ይቅር ብያለሁ።

ምን ምን ልለካ?

ከመጀመሪያው ቀን የግንዱን ዙሪያ። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ግራፍት ከተደረገበት ጉብታ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ነጥቡን በቀለም አስምሩበት። ዙሪያውን በራሱ አባዙና ለ12.57 አካፍሉት፤ የግንዱን ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ዙሪያው 12 ቢሆን 144 ለ12.57፣ 11.5 ገደማ። ምርቱን በኪሎ ለዚህ ስታካፍሉ ትልቁንና ትንሹን ዛፍ በፍትሕ ማነጻጸር ትችላላችሁ። መጀመሪያ ላይ የለካችሁት ደግሞ በኋላ ለማስተካከያ ይሆናል። ቀድሞውንም ጠንካራ የነበረውን ዛፍ ስሌቱ ይለይላችኋል።

ቀጥሎ መንቃቱ። በእያንዳንዱ ዛፍ አራት ቅርንጫፍ በክር እሰሩ። ከሁሉም አቅጣጫ አንድ አንድ። እምቡጦቹን ቁጠሩ። ከዚያ በየማክሰኞው ስንቱ እንደነቃ ጻፉ። አሰልቺ ነው። ግን በሞቃት አገር ሙከራ ውስጥ ከምርቱ በላይ የሚያወራው ይኼ ቁጥር ነው።

አበባ የጀመረበት፣ የበዛበት፣ ያለቀበት ቀን። ፍሬ በተለቀመ ቁጥር ቀኑ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ። አበባው ስለሚንዘላዘል አንዴ ለቅሞ መጨረስ የለም።

ምልክት ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አትመኑ። ፀሐይ በአንድ በጋ ትጠርገዋለች። እኔ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ በሚስማር ወግቼ እጽፋለሁ። እሱንም ልጆች ይወስዱታል። ስለዚህ ካርታ ሳሉ። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት። ለማፍራት ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ካፈራ በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ዝርያ አንድ ዓመት ይጭናል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። በአንድ ዓመት ምርት ብትፈርዱ አንዱን በጫነበት፣ ሌላውን ባረፈበት ዓመት ይዛችሁት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ዓመት ደምሩ፣ ከዚያ አወዳድሩ።

የመመረቂያ ጊዜው ሁለት ዓመት የሆነ ተማሪ አዲስ አይትከል። የቆመ ዛፍ ይፈልግና ቅጠል ማራገፍን ወይም ቅርንጫፍ ማጎንበስን ይሞክር።

መሬቱም ነገር ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ዛሬ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ የግንባታ ቦታ ነው። በቃል በተከራያችሁት መሬት ላይ የስድስት ዓመት ሙከራ አትጀምሩ።

እዚህ ያገኘሁት ውጤት ለሌላ ቦታ ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። ከፍታው በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ነው። ከሱሉልታ ጋር 4 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ለአፕል ይኼ ሌላ አገር ነው። የሚቻል ከሆነ ትንሽ ትንሹን ሙከራ በተለያየ ከፍታ ላይ ማድረግ አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ከማድረግ ይበልጣል።

ዛፍ ቢሞትብኝስ?

ተኩበት፣ ግን አዲሱን አትቁጠሩት። ቦታውን ይሙላ እንጂ መረጃ አይደለም። የሞተበትን ቀንና ምክንያት ጻፉ። “ፍየል በላው” እና “ሥሩ በሰበሰ” አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ራሱ ውጤት ነው።

ግቢዬ ውስጥ የሚገባው ሦስት ዛፍ ብቻ ነው። ሙከራ ሊባል ይችላል?

ለብቻው አይባልም። ከጎረቤት ጋር ግን ይባላል። ስምንት ቤት ተስማሙ። እያንዳንዱ ቤት ሦስት ዝርያ፣ አንድ አንድ ዛፍ ይተክላል። ግቢው ራሱ ብሎክ ሆነ ማለት ነው። የእትዬ ግቢ ጥላ ቢበዛበት ሦስቱንም እኩል ያጠላባቸዋል። ጋሼ ውሃ ቢያበዙም ለሦስቱም ነው። ማድረግ የሌለባችሁ አንዱን ዛፍ ብቻ መውደድ ነው። እያንዳንዱ ዝርያ በየግቢው የትኛው ጥግ እንደሚተከል ቡና ላይ ዕጣ አውጡ። 24 ዛፍ፣ ስምንት ድግግሞሽ፣ መሬት ኪራይ የለ፣ ጥበቃ የለ። ሁለት ሰፈር ላይ ሲጀምሩት አይቻለሁ። ያቃታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍሬው ሲደርስ ልጆቹ ሳይመዘን ይበሉታል። አንዷ እናት መላ አገኙ። ሚዛኑን ዛፉ ሥር ሰቀሉና “መዝኖ ለጻፈ አንዱ የራሱ ነው” አሉ። የእሳቸው ግቢ ደብተር ከሁሉም የተሟላ ነው።